ድመት የማይወጣበት መንበር

ይህ ነገር የሆነበት አገር ስም ነበረው፤ ነገር ግን የሚያውቁት አይናገሩትም፣ የሚናገሩትም አያውቁትም። በወንዝ የተከበበ፣ አፈሩ ቀይ፣ ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚነጋገርበት አገር ነበር። በዚያ አገር ቤት የሠራ ሁሉ ከራሱ መኝታ በፊት መንበር ያበጃል። መንበሩ ጥጥ የተጠቀጠቀበት፣ ቀይ ከፋይ የለበሰ ነው፤ ቦታውም ከምድጃው አጠገብ፣ ሙቀት የማይለየው ጥግ ላይ ነው። ማንም አይቀመጥበትም፣ ማንም አይነካውም። አገሩን የሚገዛው ባለመንበሩ አንድ ቀን ቢደክመው ከየትኛውም ቤት ገብቶ ሊያርፍ ይችላል ስለተባለ፣ የየቤቱ መንበር እሱን ሲጠብቅ ይኖራል። ባለመንበሩን በዓይኑ ያየ ሰው ግን አልነበረም።

መንበሩ ውስጥ ጥጥ ስላለ አይጥ አስቸገረ። ስለዚህ ሌላ ደንብ ወጣ፤ እያንዳንዱ ቤት ድመት ይያዝ ተባለ። ድመት ደግሞ ሞቃትና ለስላሳ ነገር ካገኘ ወጥቶ መጠቅለል ተፈጥሮው ነው። ስለዚህ ደግሞ ሌላ ደንብ ወጣ፤ ድመቱ ጨዋ ይሁን፣ መንበሩ ላይ አይውጣ፣ ጀርባውን አይስጠው፣ ፊቱ ቆሞ አያዛጋ፣ ሲያየውም አይሽሽ ተባለ። ይህን ደንብ የሚያብራራ ሌላ ደንብም ተከተለ። ድመት ከሰው ያየውን ነው የሚሠራው፤ እንግዲህ መንበሩ ላይ የወጣ ድመት ቢገኝ የቤቱ ሰዎች በሥውር ይቀመጡበታል ማለት ነው፤ የሸሸ ድመት ቢገኝም የቤቱ ሰዎች መንበሩን በክፉ ያነሣሉ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ላይ መርማሪ ተሾመ።

ዘርጋው በዚያ አገር ኮርቻ እየሠራ የሚኖር፣ ከሥራው በቀር ማንም ጋር የማይደርስ ሰው ነበር። ሚስቱ ትርንጎ ከብዙ ዓመት ጥበቃ በኋላ ያን ክረምት ፀንሳለች። ከግድግዳቸው ወዲያ እማማ ይርገዱ የሚባሉ ባልቴት ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር ይኖሩ ነበር። የእማማ ይርገዱ ድመት አርጅቶ ዓይኑ ፈዟል። መርማሪው በመጣ ዕለት፣ ሁሉ ሰው እያየው፣ ቀስ ብሎ ተነሣና እየተንገዳገደ ሄዶ መንበሩ ላይ ወጣ። ሁለት ጊዜ ዞረና ተኛ።

ከዚያ በኋላ የሆነው እንደ ደንቡ ነው። እማማ ይርገዱ ከነልጃቸውና ከነምራታቸው በጠራራ ፀሐይ ወደ ወንዙ ማዶ ተወሰዱ። ከማዶ የተመለሰ ሰው የለም። በራቸውም ተመረገ። በር የሚመርገው ሹሙ አይደለም፤ ጎረቤት ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ እፍኝ ጭቃ ይዞ ይመጣና በሩ ላይ ይለጥፋል፤ ያልመጣ ሰው የራሱም በር ጭቃ እንደሚጠብቀው ያውቃል። ዘርጋውም እፍኙን ይዞ ሄደ። ጭቃውን ሲለጥፍ ከውስጥ የድመቱን ድምፅ ሰማ። ቀና ብሎ የሰዎቹን ፊት አየ። ሁሉም ሰምተዋል። ሁሉም ቶሎ ቶሎ ይመርጋሉ።

እጁን ታጥቦ ቤቱ ሲገባ የገዛ ድመቱን አመዴን መንበሩ ላይ ተጋድሞ አገኘው።

ዘርጋው በሩን በጀርባው ዘጋና “ትርንጎ!” አለ በሹክሹክታ። እሷም ከጓዳ ወጥታ ስታይ አፏን በእጇ ያዘች። አመዴ እንደ ስሙ አመድ የመሰለ፣ ገና ያልጠና ድመት ነበር። ሁለቱንም አየት አደረገና ተንጠራርቶ አዛጋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘርጋው ድመቱን ጨዋ ማድረግ ያዘ። በአገሩ ደንብ ድመት የሚቀጣው በቀዝቃዛ ውሃ፣ በበርበሬ ጢስና በእርጥብ አርጩሜ ነው። አርጩሜው ከመንበሩ በላይ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ ያልተሰቀለበት ቤት ይጠየቃል። ዘርጋው አመዴን ውሃ ነከረው፣ አጠነው፣ ገረፈው። የሚገርፈው ጭካኔ ኖሮት አይደለም፣ ያ የተመረገ በር በዓይኑ እየመጣበት ነው።

ድመቱ ግን ባሰበት። ለኮርቻ የተዘጋጀ ቆዳ ላይ ይሸናል፣ አልጋ ሥር ገብቶ ይውላል፣ ሊያወጡት ሲሉ ይቧጭራል። ዘርጋው ደጅ ሲወጣም ቀስ ብሎ ሄዶ እዚያው መንበር ላይ ይተኛል። በኋላማ የዘርጋውን ኮቴ በሰማ ቁጥር ከመንበሩ ላይ እየዘለለ ጥርሱን አግጦ ‘ኽስስ’ ማለት ጀመረ።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ትርንጎ የተቧጨረ ክንዷን ቅቤ እየቀባች፣ “እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅህ” አለችው። “ስትመታው ምን እያልከው ነው?”

“ምን እላለሁ? መንበሩ ላይ አትውጣ እያልኩት ነዋ!”

“እሱ ግን የሚሰማው ሌላ ነው። ‘ዘርጋው መጣ፣ ሽሽ’ ነው የሚሰማው። አርጩሜውን ከመንበሩ ጋር አላገናኘውም፤ ካንተ ጋር ነው ያገናኘው። ለዚህ ነው አንተ ስትወጣ የሚወጣው።”

“ታዲያ ምን ላድርግ ትርንጎ? ክረምቱ ሳይወጣ ይመጣሉ።”

“መንበሩ ለምን እንደሚጥመው አስበህ ታውቃለህ? ይሞቃል፣ ይለሰልሳል፣ ከፍ ያለ ነው። እሱን የሚያህል ሌላ ቦታ ብንሰጠው ምን አጣሁ ብሎ ይወጣበታል?”

ዘርጋው ደንግጦ ወደ ግድግዳው አየ። “ዝም በይ እንጂ! እሱን የሚያህል ሌላ ቦታ ነው ያልሽው? ሰው ቢሰማሽስ?”

“ለድመት ነው ያልኩት።”

“ለድመትም ቢሆን አይባልም።”

እንዲህ ቢልም ሌላ መላ አልነበረውም። ትርንጎ ከምድጃው በላይ ሙቀቱ በሚደርስበት፣ ጎታው ራስ ላይ አጎዛ አነጠፈች። ዘርጋው ደግሞ ድመቱ ጥፍሩን የሚስልበት እንዲሆን የቤቱን ምሰሶ በጠፍር ጠመጠመው። በሰባራ ገንቦ አመድ ሞልተው ጓዳ አኖሩለት፤ እንደ ልማዱ ጭሮ እየቀበረ ይጠቀምበት ጀመር። አመዴ ወደ መንበሩ ሲጠጋ አይጮሁበትም፤ ትርንጎ በምላሷ ‘ጭ’ ትልና ወደ አጎዛው ታሳየዋለች። አጎዛው ላይ ከወጣ ቁራጭ ቋንጣ ያገኛል። መንበሩ ላይ ከወጣ ምንም አያገኝም፤ ማንም አያየውም፣ ማንም አያናግረውም። ድመቱ ዘርጋውንም እንዲያምነው ብላ የቋንጣውን ቁራጭ በሱ እጅ ታስይዘው ነበር። መጀመሪያ አመዴ ከሩቅ ሆኖ ተመለከተው። ከዚያ ሲወረውርለት በላ። ቆይቶ ከመዳፉ በላ። ዘርጋው የድመት ምላስ ያን ያህል ሻካራ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቀው፤ ሳቀም። በዚያ አገር ሰው ቤቱ ሆኖ ሲስቅ እንኳ ወደ በሩ አየት ያደርጋል፤ እሱም እንዲሁ አደረገ።

እንዲህ እንዲህ እያለ አመዴ መንበሩን ረሳው። በአጠገቡ ያልፋል፣ ፊቱ ይቀመጣል፣ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ ያደርጋል፤ ከዚያ ወደ አጎዛው ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ። ከየቤቱ የድመት ጩኸት ይሰማል፤ ከነሱ ቤት ግን ጠፋ። ዝም ያለ ቤት ደግሞ ይጠረጠራል። ባልና ሚስቱ መከሩ። በማግስቱ ጠዋት ዘርጋው አርጩሜውን አነሣና አንድ አሮጌ ቀይ ኮርቻ መግረፍ ጀመረ፤ ትርንጎ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብላ የቻለችውን ያህል እንደ ድመት ጮኸች። አመዴ አጎዛው ላይ ሆኖ ጆሮውን አቁሞ በጣም ተገርሞ ያያቸው ነበር። በሌላው ወገን የሚኖረው ጎረቤታቸው አያ ደባሽ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ “ጎበዝ! ዛሬስ በደንብ ገባለት” አለ።

“ምን ይደረግ አያ ደባሽ፣ ልቡ ደንዳና ነው” አለው ዘርጋው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከአያ ደባሽ ቤት የድመት ጩኸት ተሰማ። ዘርጋው ሥራውን አቁሞ አዳመጠ። ጩኸቱ መሐል መሐሉ ላይ ሳል ነበረበት። አያ ደባሽ ሳል ካደረበት ቆይቷል። ዘርጋው ወደ ትርንጎ አየ፣ ትርንጎም ወደሱ አየች፤ ግን ምንም ሳይባባሉ ወደየሥራቸው ተመለሱ። እንዲህ ያለ ነገር ከአፍ ካወጡት ሌላ ጣጣ ነው።

መርማሪው የመጣው ዝናቡ ጋብ ባለበት ቀን ነበር። ማዕረጉ ሊቀ ጢም ይባላል፤ ስሙ ደምለው ነው። የእማማ ይርገዱን ቤት የመረመረውም እሱ ነበር። ረጅም፣ ፊቱ የገረጣ፣ ልብሱ የማይዝረከረክ፣ ሲናገርም የማይቆጣ ሰው ነው። ከኋላው ጃንጥላ ያዡና ወተት ተሸካሚው ተከትለውታል። ጃንጥላ ያዡ ቤት ውስጥ ጃንጥላውን ዘርግቶ ከመንበሩ በላይ ያዘ። ሊቀ ጢሙ መንበሩን እጅ ነሥቶ “እንደምን ዋሉ?” አለ። መልስ የሚሰማ ይመስል አንገቱን ዘንበል አድርጎ ጥቂት ቆየና “እግዜር ይመስገን” ብሎ ቀና አለ። ዘርጋውና ትርንጎ አጎንብሰው ቆመው ነበር። ትርንጎ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች።

“ድመቱ ይቅረብ።”

አመዴ ቀረበ። ሊቀ ጢሙ ከኪሱ ክር አውጥቶ የድመቱን ጢም ለካ፤ ከመንበሩ ፊት አስቀመጠው፤ ወተት ተሸካሚው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን ጣባ ገልጦ አቀረበ። እስኪፈቀድለት ድረስ ድመቱ ወተቱን መንካት የለበትም። ትርንጎ ከወገቧ ሳትቃና በምላሷ ‘ጭ’ አለች፤ ሰው የሚሰማው አልነበረም። አመዴ ጅራቱን እግሩ ላይ ጠቅልሎ ቁጭ አለ። መንበሩን አየ። አላዛጋም፣ አልሸሸም፣ አልወጣም። “ይጠጣ” ሲባልም ጠጣ።

ሊቀ ጢሙ ክሩን ጠቅልሎ ወደ ኪሱ መለሰ። “እንዲህ ያለ ጨዋ ድመት አይቼ አላውቅም” አለ በመጨረሻ።

ዘርጋው ትንፋሹን ለቀቀ።

“አርጩሜውን አምጣው እስኪ።”

ዘርጋው ከግድግዳው አውርዶ በሁለት እጁ ሰጠው። ሊቀ ጢሙ ወደ በሩ ብርሃን ጠጋ ብሎ አርጩሜውን አገላበጠ፣ አሸተተው። “በደንብ ሠርቷል። ጫፉ ተሰነጣጥቋል። ግን ቀለሙ ቀይ ነው። የቆዳ ቀለም ነው። የድመት ጠጉር የታል?”

“ታጥቦ ነው ጌታዬ” አለ ዘርጋው።

“ውሃ ጠጉሩን አጥቦ ቀለሙን ተወልህ?” ሊቀ ጢሙ አልተቆጣም። ድምፁን እንደውም ዝቅ አደረገ። “አንተ ሰው፣ እኔን የሚያሰጋኝ የሚያስቸግር ድመት አይደለም። የሚያስቸግር ድመት ይገረፋል፣ ይፈራል፣ ያበቃል። ሳይገረፍ የታዘዘ ግን ነገ አልታዘዝም ቢል በምን ይያዛል? የታዘዘው ማንን ነው?”

ዘርጋው ወደ አመዴ አየ።

“እንካ” አለ ሊቀ ጢሙ አርጩሜውን እየመለሰለት። “እኔ እያየሁ ምታው።”

ዘርጋው አርጩሜውን ተቀበለ። ትርንጎን አላያትም፤ ቢያያት ክንዱ እንደማይነሣለት ያውቃል። ክንዱን አነሣ። አመዴ ያ እጅ እንደ ልማዱ ቋንጣ የያዘ መስሎት ጅራቱን አቁሞ መጣና እግሩን ታሸው፤ ቀና ብሎም ‘ሚያው’ አለ። ወተት ተሸካሚው ፊቱን አዞረ።

ዘርጋው መታው።

በኃይል ነበር የመታው፤ ፍርሃት ክንዱን አክብዶበት ነበር። ድመቱ እንደ ሕፃን ጮኸና ዘለለ። የአልጋው ሥር በሰዎቹ እግር ተዘግቷል፣ ጎታው ዘርጋው ከቆመበት ወዲያ ነው፤ ባዶ የነበረው ስፍራ አንድ ብቻ ነበር። አመዴ ጃንጥላው ሥር፣ ቀዩ ከፋይ ላይ ጉብ አለ።

ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ድመት መንበር ላይ ሲወጣ ያየ ሰው ትንፋሹን ሳይመልስ ‘መንበር ተደፈረ!’ ብሎ ይጩህ፤ ሳይጮህ የተነፈሰ እንደ ደፋሪው ይቆጠራል።

ማንም አልጮኸም። ሁሉም በድንጋጤ ደርቀው ቆሙ። ከዚያ አንዱ ተነፈሰ፣ ሌላውም ተነፈሰ። አንዴ ከተነፈሱ ወዲያ መጮህ አይቻልም፤ የጮኸ ሰው ‘እስካሁን ምን ስትጠብቅ ነበር?’ ይባላል። ሊቀ ጢሙ ቀስ ብሎ ወደ ወተት ተሸካሚው ዞረ። ወተት ተሸካሚው ጣባው ላይ አቀርቅሮ “እኔ ወተቱን ነው የማየው” አለ። ጃንጥላ ያዡ ጃንጥላውን ዝቅ፣ ዝቅ አደረገና ፊቱን ሸፈነበት። ሊቀ ጢሙ ላቡ ከግንባሩ ወደ ጢሙ ሲወርድ ዘርጋው አየው። ምታው ያለው እሱ ነው። ድመቱን ወደ መንበሩ ያወጣው የሱ ትእዛዝ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ደግሞ አፍ አላቸው።

“አውርዱት” አለ በሹክሹክታ።

“መንበሩን መንካት አይፈቀድም ጌታዬ” አለ ዘርጋው።

“አውቃለሁ! እንዳትነኩት። ብቻ አውርዱልኝ።”

ያን ጊዜ ትርንጎ ቀና አለች። “አርጩሜው ከቤት ይውጣ” አለች።

“ምን?”

“አርጩሜው እያለ አይወርድም ጌታዬ። ሰዎቹም ወደ ግድግዳው ይጠጉ።”

ዘርጋው አርጩሜውን ደጅ ወረወረ። ሊቀ ጢሙ እንደ ታዘዘ ልጅ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ትርንጎ ከመንበሩ ራቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ጠበቀች። አልጠራችውም። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሰዎቹ ትንፋሽ ብቻ ነበር። አመዴ ጀርባው እየተንቀጠቀጠ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። በመንገዱ ሰው ያለፈ ሲመስላቸው ሁሉም ወደ በሩ አፈጠጡ። ድመቱ ቆይቶ ቆይቶ አንድ እግሩን አወረደ፤ ከዚያ ሁለተኛውን። የትርንጎ ቀሚስ ውስጥ ገብቶ ተወሸቀ።

ከፋዩ ላይ አመድማ ጠጉር ቀርቷል። መንበሩን በእጅ መጥረግ አይቻልም። ሊቀ ጢም ደምለው ተንበረከከና ‘እፍ’ አለ። ወተት ተሸካሚውም መጥቶ ተንበረከከ። ጃንጥላ ያዡም ጃንጥላውን አጥፎ ተቀላቀላቸው። ሦስት የመንግሥት ሰዎች ጉንጫቸውን ነፍተው የድመት ጠጉር ሲያራግፉ ዘርጋው ቆሞ አየ፤ ሳቅ የሚባል ነገር ግን ባጠገቡም አላለፈም። ጠጉሩ ሲያልቅ ሊቀ ጢሙ ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ “ቤቱ ንጹህ ነው” አለ። ኖራ አስመጥቶ በሩ ላይ ምልክት አደረገና ሄደ። ሲወጣ የማንንም ዓይን አላየም።

ሌላ ሰው ቢሆን ደስ ባለው። ዘርጋው ግን ምልክት ካለበት በር ጀርባ ተቀምጦ ኮቴ ያዳምጥ ጀመር። “ይመጣሉ” አለ። “እኛ ያየነውን አይቶ ዝም ብሎ አይተወንም። የፈራ ሹም ነው ትርንጎ፤ ከተቆጣ ሹም ይብሳል።”

“የት እንሂድ? ወንዙን ነው የምንሻገረው?” አለችው። ወደ ሆዷም አየት አደረገች።

ኮርቻ መሥራት አቆመ። በመንገድ ላይ ኮቴ በሰማ ቁጥር ወስፌው ከእጁ ይወድቃል። ሌላም ነገር ነበረ፤ አመዴ አይቀርበውም። ከትርንጎ እጅ ይበላል፣ ከሱ እጅ አይበላም። ገና በሩን ሲከፍት ጎታው ላይ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል። ቋንጣ ወረወረለት፤ አልነካውም። “ምን ማድረግ ነበረብኝ?” አለው አንድ ቀን ዘርጋው፣ ብቻውን ሲሆን። ድመቱ ዓይኑን ከሱ ላይ አልነቀለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሰውን ሁሉ ቤት አስገብቶ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ዘርጋው ሚስቱን ወደ ጓዳ ገፍቶ ከፈተ። የቆመው ሊቀ ጢም ደምለው ነበር፤ ብቻውን፣ ያለ ጃንጥላ፣ ውሃው ከባርኔጣው ይንጠባጠባል። በካባው ሥር ክዳን ያለው ቅርጫት ታቅፏል።

“ልግባ” አለ። ትእዛዝ አልነበረም።

ገብቶ መንበሩን ሳይሳለም ቅርጫቱን መሬት ላይ አኖረ። ክዳኑን ገለጥ ሲያደርገው አንዲት ከሲታ ነጭ ድመት ጥግ ላይ ተኮራምታ ተቀምጣ ነበር።

“የቤቴ ናት” አለ። “ከመንበሩ አትወርድም። ገረፍኳት፣ አጠንኳት፤ አትወርድም። ሚስቴ ከተናገረች ሰንብታለች፤ መንበሩ ፊት ቁጭ ብላ ድመቷን ስትጠብቅ ነው የምትውለው። የበላዬ ሊመረምረኝ ሊመጣ ነው።”

ዘርጋው ወጥመድ መሰለው። “እኛ በአርጩሜ ነው የቀጣነው። አርጩሜያችንን አይተዋል ጌታዬ” አለ።

“እባክህ ወንድሜ” አለ ሊቀ ጢሙ። “እባክህ።”

ዘርጋው ይህን ቃል ከሹም አፍ ሰምቶ አያውቅም። ከፍርሃቱ ሥር ሌላ ነገር ተነሣበት። “እማማ ይርገዱን የት አደረስካቸው?” አለው፣ አንተ ብሎ።

“እኔ የማደርሳቸው እስከ መሻገሪያው ነው።”

“ከዚያስ?”

“ከዚያ እመለሳለሁ።” ሊቀ ጢሙ ቀና ብሎ አየው። “አንተስ? እፍኝህን ይዘህ መጥተህ አልነበረም? ከኋላህ ነበርኩ። ድመቱ ሲጮህ እኔም ሰምቻለሁ።”

ዘርጋው ወደ እጁ አየ።

ትርንጎ ከጓዳ ወጣች። ሁለቱን ወንዶች አየቻቸው፤ ቅርጫቱንም አየች። ሊቀ ጢሙን ብታባርረው ምን እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ብታስተምረው ምን ሊመጣ እንደሚችልም ታውቃለች። “መሬት ተቀመጡ” አለች። “ሁለታችሁም። ቅርጫቱን አትንኩት፤ ራሷ ስትፈልግ ትውጣ።” ለሁለቱም መዳፋቸው ላይ አንድ አንድ ቁራጭ ቋንጣ አኖረችላቸው። “እጃችሁን አታንቀሳቅሱ። ድመቶቹን አትዩ።”

“እስከ መቼ?” አለ ሊቀ ጢሙ።

“እኔ ምን አውቃለሁ።”

ተቀመጡ። ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። ነጯ ድመት አልወጣችም፤ አመዴም ከጎታው አልወረደም። ሊቀ ጢሙ ክርኑን በጉልበቱ ደገፈ። ጉልበታቸው ዝሎ፣ እግራቸው ደንዝዞ ሳለ፣ ከላይኛው መንደር በኩል መለከት ተነፋ።

የሚመረግ በር ሲገኝ በማግስቱ ጠዋት ጭቃ ይዞ እንዲመጣ ለጎረቤት የሚያስታውቅ መለከት ነው። ትርንጎ ምሰሶውን ይዛ ቆመች። ሊቀ ጢሙ ፊቱ አመድ መሰለ፤ በዚህ ሰዓት እሱን ፍለጋ እንደሆነስ? እዚህ ቤት፣ መሬት ላይ፣ ቋንጣ ይዞ ቢያገኙትስ? ባዶ እጁን ሰዶ የዘርጋውን ክንድ ጨምድዶ ያዘው። ዘርጋውም አላስለቀቀውም። መለከቱ ቀረበ፤ ከጭቃው ውስጥ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። የአያ ደባሽ አጥር ጋ ሲደርስ ዝግ ያለ መሰላቸው። አያ ደባሽ በቤቱ ውስጥ ሲያስል ተሰማ። ከዚያ ኮቴው አለፈ፤ አጥራቸውን ታክኮ፣ ኖራ የተቀባ በራቸውን አልፎ፣ ወደ ታችኛው መንደር ወረደ። ማን ቤት እንደቆመ ከዚያ አይሰማም። ጠዋት ግን ከዚህም ቤት አንድ እፍኝ ጭቃ እንደሚጠበቅ ሦስቱም ያውቃሉ።

“አልሄድም” አለ ዘርጋው። ድምፁ እንደ ወጣለት እርግጠኛ አልነበረም። ሊቀ ጢሙ ሰምቶት እንደሆነ አየው፤ ሊቀ ጢሙ ግን ወደ ገዛ መዳፉ ፈዞ ይመለከት ነበር።

ቋንጣው የለም። ነጯ ድመት ከቅርጫቱ ወጥታ ጉልበቱ ሥር ቁጭ ብላ አፏን ትልሳለች።

የዘርጋው ቋንጣ እንዳለ ነው። አመዴ ጎታው ላይ ሆኖ ቁልቁል ያየዋል። አልወረደም። ዘርጋውም መዳፉን አላጠፈም።